በሰርግ ቤት የሚጮኸው ማይክ እና የኤፍ ኤም ሬዲዮ አባት፦ የኤድዊን አርምስትሮንግ ሕይወት

ጥር ነው እንበል። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ሰርግ ቤት ተገኝተናል። ዳሱ ተጥሏል፣ ስፒከሩ ተደርድሯል፣ ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል። አንድ አባት ሊመርቁ ተነሱ። ማይኩን ተቀብለው ወደ ስፒከሩ ጠጋ ከማለታቸው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ዳሱን ሞላው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ዲጄው እየሮጠ መጣና ድምፁን ቀነሰ፣ አባታችንንም ከስፒከሩ ፊት ዘወር አደረጋቸው። ጩኸቱ ጠፋ፣ ምርቃቱም ቀጠለ።

ይህን ያላየ የለም። ቡሬም ደምበጫም ያው ነው። ግን አንድ ነገር አስባችሁ ታውቃላችሁ? አባታችን እኮ ገና አፋቸውን አልከፈቱም ነበር። ታዲያ የጮኸው ማን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ይህ ድንገት ከምንም የሚነሳ የሚመስለው ጩኸት ሬዲዮንም፣ የእጅ ሰዓትንም፣ አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ስልክም የሚያሠራ ነገር ነው። መሐንዲሶች ኦሲሌተር ይሉታል። ራሱን በራሱ አስነስቶ፣ ሳይቆምና ሳያብድ፣ በአንድ ልክ የሚወዛወዝ ዑደት ማለት ነው። ዛሬ ታሪኩን የምንነግራችሁ ሰው ይህን ዑደት ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ አግኝቶ፣ ባለሀብት ሆኖበት፣ ፍርድ ቤት ተነጥቆት፣ በመጨረሻም ሌላ ትልቅ ነገር ፈጥሮ ያንንም ሲከላከል ያለቀ ሰው ነው። ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከጣሪያ ሥር ያደገው ልጅ

አርምስትሮንግ በታኅሣሥ 1890 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ተወለደ። አባቱ መጻሕፍት በሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ልጅ ሳለ ሰውነትን ያለፈቃድ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያዘውና ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረ። በሽታው ቢለቀውም ፊቱና ትከሻው ላይ የመንቀጥቀጥ ምልክት ትቶበት አለፈ። ያ ምልክት እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀውም።

ቤተሰቡ ከከተማው በስተሰሜን ወደምትገኘው ዮንከርስ ተዛወረ። ቤታቸው ሃድሰን ወንዝን ቁልቁል ያያል። ልጁ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ክፍል ያዘና በሽቦ፣ በባትሪና በአሮጌ ዕቃ ሞላት። አባቱ ስለ ፈጠራ ሰዎች የሚያወራ መጽሐፍ አምጥተውለት ነበር። እሱን ካነበበ በኋላ የማርኮኒ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ልቡን ወሰደው። ጓሮው ውስጥ 125 ጫማ፣ ማለትም ወደ 38 ሜትር የሚጠጋ የአንቴና ምሰሶ በራሱ እጅ አቆመ። እየተጎተተ ጫፉ ድረስ ይወጣ ነበር። ከፍታ የሚባል ነገር አያስፈራውም። ይህን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1909 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዮንከርስ እየተመላለሰ የሚማረው አባቱ በሸለሙት ቀይ ሞተር ሳይክል ነበር።

አንድ ሽቦ ወደ ኋላ

በዚያ ዘመን ሬዲዮ ማለት በጣም ደካማ ነገር ነው። ከሩቅ የመጣውን ምልክት ለመስማት ማዳመጫ ጆሮ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሽ ውጦ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሊ ዴ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በ1906 ኦዲዮን የተባለች አምፖል የመሰለች ዕቃ ሠርቶ ነበር። ውስጧ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የጋለ ሽቦ፣ አንድ ሰሌዳ፣ በመሀል ደግሞ ወንፊት የመሰለ ሽቦ። ወንፊቷ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ስትሰጡ በሰሌዳው በኩል የሚፈሰው ትልቅ ከረንት አብሮ ይለዋወጣል። ልክ ትንሽ በር ከፍታችሁ ብዙ የመስኖ ውኃ እንደምትለቁት ማለት ነው።

ችግሩ፣ ይህች ዕቃ እንዴት እንደምትሠራ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሠራት ሰው ራሱ በደንብ አልገባውም ነበር። አርምስትሮንግ ግን ከመገመት መለካትን መረጠ። ሲለካ ደግሞ በኦዲዮኗ መውጫ በኩል ያለው ከረንት የገባውን የሬዲዮ ሞገድ ይዞ፣ ግን ጎልቶ እንደሚገኝ አየ።

ሐሳቡ እዚህ ጋር መጣ። ከመውጫው ላይ ጥቂት ወስጄ እንደገና ወደ መግቢያው ብመልሰውስ? የጎላው እንደገና ይጎላል፣ ያም ተመልሶ ሌላ ዙር ይጎላል። በ1912 ያደረገው ይህንን ነው። አንዲት ጥቅል ሽቦ አስገብቶ መውጫውን ከመግቢያው ጋር አገናኘ። ጆሮ ላይ ተለጥፎ እንኳን በጭንቅ የሚሰማው ምልክት ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ክፍሉ ውስጥ መሰማት ጀመረ። ሌሊት ነበርና እህቱን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ በደስታ እየጨፈረ ነገራት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሚመለሰውን መጠን ይበልጥ ሲጨምረው ኦዲዮኗ ማፏጨት ጀመረች። ከውጭ ምንም ምልክት ሳይገባ፣ እሷ ራሷ ሞገድ እያመነጨች ነበር። መቀበያ የነበረችው ዕቃ ማስተላለፊያ ሆነች። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ ሞገድ የሚመነጨው በሚፈነጥር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም ግዙፍ በሆነ የሚሽከረከር ጄኔሬተር ነበር። አሁን ግን በእጅ የምትያዝ አንዲት አምፖል ያንን ሥራ ልትተካ ነው።

እስቲ ጩኸቱን እንፍታው

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሰርጉን ማይክ እናስብ። ማይኩ ድምፅ ይቀበላል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላል፣ ስፒከሩ ይለቀዋል። ስፒከሩ የለቀቀው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ዙር ሆነ ማለት ነው። የአርምስትሮንግ ዑደትም ይኸው ነው፣ በድምፅ ፋንታ ኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማን አስጀመረው? አባታችን እኮ አልተናገሩም። ነገር ግን ዳስ ውስጥ ፍጹም ዝምታ የለም። የልብስ ኮሽታ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ነፋስ አለ። በኤሌክትሪክ ዑደት ውስጥም እንደዚያው ነው። ሽቦው የቱንም ያህል ፀጥ ያለ ቢመስል፣ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ያለማቋረጥ ይራወጣሉ። ማብሪያው ሲጫን የሚፈጠረው ግፊትም አለ። ይህ ጥቃቅን ትርምስ ሁሉንም ዓይነት የውዝዋዜ ፍጥነት በትንሽ በትንሹ ይዟል። ኦሲሌተር የሚነሳው ከዚህ ነው። ከምንም የተነሳ ይመስላል እንጂ ከምንም አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከዚያ ሁሉ ትርምስ አንዱ ብቻ እንዴት ተመረጠ? የሬዲዮ ዑደት ውስጥ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ኃይሉን እየተቀባበሉ የሚወዛወዙበት የራሳቸው ልክ አላቸው። ልክ የክራር አውታር በተወጠረበት መጠን የራሱን ድምፅ እንደሚሰጠው። ከትርምሱ መሀል ለዚያ ልክ የተስማማው ብቻ ያልፋል፣ ሌላው ይዳከማል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ለምን አደገ? እያንዳንዱ ዙር ሲመለስ ከሄደው በትንሹም ቢሆን ከበለጠ ማደጉ አይቀርም። ለምሳሌ እያንዳንዱ ዙር በ1.1 እጥፍ ብቻ ቢያድግ፣ ከ145 ዙር ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ትንሽ ነገር አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚዞር ዑደት ላይ ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳን አይፈጅም።

ግን ማደግ ብቻውን አይበቃም፣ ሰዓቱንም መጠበቅ አለበት። ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ ገመድ አስረን ዥዋዥዌ ስንጫወት የነበረውን አስታውሱ። የሚገፋው ልጅ ዥዋዥዌው ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ቢገፋ ይጨምራል። ወደ እሱ እየመጣ ሳለ ቢገፋ ግን ያቆመዋል፣ አንዳንዴም ተገፊውን ይጥለዋል። ተመልሶ የሚመጣው ምልክትም ዋናውን ሞገድ በትክክለኛው ቅጽበት ማግኘት አለበት። አለበለዚያ መደገፉ ቀርቶ ያጠፋዋል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ፦ ታዲያ እያደገ እያደገ ሄዶ ለምን አይፈነዳም? ምክንያቱም ማንኛውም ማጉያ አቅም አለው። ባትሪው ወይም መስመሩ ከሚሰጠው በላይ ሊሰጥ አይችልም። ሞገዱ አቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ የማጉላቱ መጠን ይቀንሳል። በመጨረሻም የሚመለሰው ከሚባክነው ጋር ልክ እኩል ይሆናል። እዚህ ላይ ይረጋል። ትንሽ ከፍ ቢል ማጉላቱ ስለሚያንስ ይወርዳል፣ ትንሽ ዝቅ ቢል ማጉላቱ ስለሚጨምር ይወጣል። ማንም ሳይቆጣጠረው ራሱን ይጠብቃል። ዥዋዥዌውም ቢሆን አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ የምትገፉት ኃይልና በነፋስና በገመዱ የሚባክነው እኩል ይሆንና በዚያው ይቆያል።

ጀርመናዊው ሃይንሪክ ባርክሃውዘን ይህን በሒሳብ አስቀምጦታል፦ አንድ ዙር ተዙሮ የሚመጣው ምልክት ከሄደው ጋር በመጠን እኩል፣ በቅጽበትም የተገጠመ ሲሆን ውዝዋዜው ይዘልቃል። ለመነሳት ግን ከእኩል በላይ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለመጀመር ትርፍ፣ ለመዝለቅ ልክ።

እንግዲህ የዲጄው ጥበብ አሁን ገባን አይደል? ድምፁን ሲቀንስ ዙሩ የሚያድግበትን መጠን ከአንድ በታች አወረደው። ማይኩን ከስፒከሩ ሲያርቅም ያው ነው፣ ተመልሶ የሚገባው አነሰ። ስለዚህ ቀጣይ ሰርግ ላይ ማይክ ከያዛችሁ ከስፒከሩ ኋላ ቁሙ እንጂ ከፊቱ አትቁሙ።

ያልተከፈለው የፓተንት ገንዘብ

ወደ ልጁ እንመለስ። አርምስትሮንግ ያገኘውን ነገር ፓተንት ለማስያዝ አባቱን ገንዘብ ጠየቀ። አባቱ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ አሉት። የብዙዎቻችን ወላጆችም እንደዚያ ነበር የሚሉት። አጎቱ ግን ብልህ ነበሩ፤ የዑደቱን ሥዕል ሠርቶ በምስክር እንዲያስፈርም መከሩት። ጥር 31 ቀን 1913 ሥዕሉ በሕጋዊ መንገድ ተፈረመበት። ይህንን ቀን ያዙልን።

በዚያው ዓመት ተመረቀ፣ በጥቅምት ወር ማመልከቻውን አስገባ፣ በ1914 ፓተንቱ ተሰጠው። በ1914 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዴቪድ ሳርኖፍ ለተባለ የማርኮኒ ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ መቀበያውን አሳየው። ሁለቱ በብርድ ሌሊት ተቀምጠው ከአየርላንድና ከሃዋይ የሚመጣ ምልክት ሰሙ። ጓደኝነታቸው የተጀመረው በዚህ ነው። ሳርኖፍ በኋላ የትልቁ የሬዲዮ ኩባንያ የአርሲኤ አለቃ ሆነ።

አሜሪካ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል አርምስትሮንግ በጦሩ የመገናኛ ክፍል ፓሪስ ሄደ። እዚያ በ1918 ሱፐርሄቴሮዳይን የተባለውን መቀበያ ፈጠረ። ሐሳቡ በኦሲሌተር ላይ የቆመ ነው። ሁለት የክራር አውታሮች በጣም ተቀራርበው ግን ሳይገጥሙ ሲቀሩ አንድ ዓይነት ከፍ ዝቅ የሚል ዘገምተኛ ድምፅ ይሰማል፤ ያ ድምፅ የሁለቱ ልዩነት ነው። ሱፐርሄቴሮዳይንም በራሱ ውስጥ ትንሽ ኦሲሌተር ይዞ፣ ከአየር ከመጣው ሞገድ ጋር አደባልቆ ልዩነቱን ይወስዳል። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለማጉላት ይመቻል። ለምሳሌ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ን እንውሰድ። በተለመደው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ውስጥ ያለው ኦሲሌተር በ107.6 ይወዛወዛል፣ ልዩነቱ 10.7 ነው። ጣቢያ ለመቀየር ቁልፉን ስታዞሩ የምታዞሩት የዚያን ኦሲሌተር ልክ ጭምር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ገንዘቡ መጣ። በ1920 ፓተንቶቹን ለዌስቲንግሃውስ በ335,000 ዶላር ሸጠ። በ1922 ሌላ ፈጠራውን አርሲኤ በ200,000 ዶላርና በ60,000 አክሲዮን ገዛው። የኩባንያው ትልቁ ግለሰብ ባለአክሲዮን ሆነ። የሳርኖፍን ጸሐፊ ማሪየንን ወደዳት። ያ ከፍታ የማያስፈራው ልጅ አሁን የ32 ዓመት ሰው ሆኖ፣ ኒውዮርክ ላይ ባለ ረጅም ፎቅ አናት ላይ የተተከለውን የአርሲኤ አንቴና ጫፍ ድረስ ወጣ። ሳርኖፍ ተቆጥቶ ግቢውን ከለከለው። ማሪየንን ግን በ1923 አገባት። ለሰርጓ የሰጣት ስጦታ ሻንጣ የመሰለ፣ ተንቀሳቃሽ ሱፐርሄቴሮዳይን ሬዲዮ ነበር።

ጩኸቱ ፍርድ ቤት ቀረበ

ችግሩ ሊ ዴ ፎረስት ነበር። የኦዲዮኗ ሠሪ ያንን ወደ ኋላ የሚመልስ ዑደት መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ተነሳ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? በነሐሴ 1912 እሱና ረዳቱ የስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሞክሩ ድንገት ጩኸት ሰምተው ማስታወሻ ደብተር ላይ መዝግበውት ነበር። ልክ እንደ ሰርጉ ማይክ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጩኸቱ ለእነሱ የሚያስቸግር ነገር እንጂ ግኝት አልነበረም። አርምስትሮንግ ግን ለምን እንደሚጮህ ተረድቶ፣ ለክቶ፣ መቆጣጠሪያውን ሠርቶ፣ ለመሐንዲሶች ጽፎ አብራርቶ ነበር።

ክርክሩ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። አንዱ ፍርድ ቤት ለአርምስትሮንግ፣ ሌላው ለዴ ፎረስት እየፈረደ ጉዳዩ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። በመጨረሻም በግንቦት 1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዴ ፎረስት ፈረደ። ብዙ መሐንዲሶች ዳኞቹ ቴክኒኩን አልተረዱትም አሉ።

አርምስትሮንግ የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ለዚሁ ሥራ ሰጥቶት የነበረውን የክብር ሜዳሊያ ይዞ ወደ ስብሰባቸው ሄደ። ሊመልስ ነው። ፍርድ ቤት የኔ አይደለም ካለ ሜዳሊያው አይገባኝም ብሎ ነው። ማኅበሩ ግን አልቀበልም አለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነስቶ አጨበጨበለት። በሕግ ፊት ተሸነፈ፣ ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ግን አልተሸነፈም።

ኤፍ ኤም

በዚህ ሁሉ መሀል ሌላ ነገር ሲሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ማለት ኤ ኤም ነው። በኤ ኤም መልእክቱ የሚጫነው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው፤ ድምፅ ሲጨምር ሞገዱ ይረዝማል፣ ሲቀንስ ያጥራል። መብረቅ ግን እሱም ቁመቱን ነው የሚነካው። በክረምት፣ ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት ጊዜ የቆየ ሬዲዮ ያዳመጠ ሰው ያንን ንክች ንክች የሚል ድምፅ ያውቀዋል።

አርምስትሮንግ ነገሩን ገለበጠው። የሞገዱ ቁመት እንደ ረጋ ኦሲሌተር ሳይለወጥ ይቆይ፣ የሚለወጠው የውዝዋዜው ፍጥነት ይሁን አለ። ያኔ መቀበያው ቁመቱ ላይ የተጨመረውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። መብረቁም አብሮ ይቆረጣል። ሐሳቡን ሌሎችም አስበውት ነበር፣ ግን ሁሉም የሚሞክሩት በጠባብ ስፋት ነበር። ጆን ካርሰን የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1922 ጥቅም እንደሌለው ጽፎ ነበር። አርምስትሮንግ ደግሞ ስፋቱን ጨመረው። ጩኸቱ ጠፋ። በታኅሣሥ 1933 ፓተንቶቹ ተሰጡት።

በኅዳር 1935 ኒውዮርክ ላይ ለመሐንዲሶች አሳየ። ከዮንከርስ በተላለፈው ስርጭት ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳና ወረቀት ሲጨማደድ በግልጽ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምተው አያውቁም ነበር። በነገራችን ላይ፣ ይህ የሆነው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት የእኛ ሀገር የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፃችንን ለዓለም ለማሰማት ይሞክር ነበር።

ሳርኖፍና ኩባንያው ግን ኤፍ ኤምን አልፈለጉትም። ገንዘባቸው ኤ ኤም ላይ ነበር፣ ዓይናቸው ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ። አርምስትሮንግ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ መሣሪያውን እንዲያነሳ ተደረገ። እሱም ከራሱ ኪስ አውጥቶ ኒው ጀርሲ ውስጥ አልፓይን በተባለ ቦታ 425 ጫማ ታወር አቆመ። ታወሩ እስከ ዛሬ አለ። በመስከረም 2001 የኒውዮርክ መንታ ሕንፃዎች ሲወድሙ፣ አንቴናቸውን ያጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለጊዜው የተጠለሉት እዚያ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኤፍ ኤም ፓተንቶቹን የአሜሪካ ጦር ያለክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። በ1945 ግን ሌላ ዱላ አረፈበት። የአሜሪካ መንግሥት የኤፍ ኤምን ሥፍራ ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ከነበረበት አንስቶ ወደ 88 እስከ 108 ወሰደው። ሰው የገዛው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሬዲዮ በአንድ ውሳኔ ከንቱ ሆነ። ስልካችሁ ላይ ያለው ኤፍ ኤም 108 ላይ የሚያበቃው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አርሲኤ በ1940 አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ልክፈልህና በቃ ብሎት ነበር። እሱ ግን ሌሎች ኩባንያዎች ከሚሸጡት እያሰቡ እየከፈሉኝ ለእናንተ የተለየ ዋጋ አልሰጥም ብሎ እምቢ አለ። አርሲኤ ሳይከፍል ኤፍ ኤምን መጠቀም ጀመረ። በ1948 አርምስትሮንግ ከሰሰ። ጠበቆቹ ነገሩን ማጓተት ያውቁበታል። ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየተደረበ ዓመታት አለፉ። ፓተንቶቹ ዘመናቸው አለቀ፣ ገንዘቡም እያለቀ ሄደ።

በ1953 መጨረሻ ላይ ከማሪየን ጋር በገንዘብ ተጣሉ። ተናዶ መታት። እሷም ቤቱን ጥላ እህቷ ጋር ሄደች። ጀግና ብለን የምናወራለት ሰው ያደረገው ይህንንም ነውና አንደብቀውም። 30 ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው መትቶ ብቻውን ቀረ። ጥር 31 ቀን 1954 ለሚስቱ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ ራሱን አጠፋ። የ63 ዓመት ሰው ነበር። ሥዕሉን ካስፈረመበት ቀን ጀምሮ ቀን ሳይጎድል ሳይተርፍ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበላችሁ። ማንም ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ጊዜ ይመጣበታል። ከእናንተ መካከል እንዲህ የከበደው ካለ፣ ዛሬ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይንገር። ጓደኛችሁ ዝም ካለ ደግሞ እናንተ ደውሉለት።

ማሪየን ግን ክሱን አልተወችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አርሲኤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ በለጥ ያለ ገንዘብ ከፍሎ ታረቀ። ከ14 ዓመት በፊት ካቀረበው ጋር ተቀራራቢ ነው። ሌሎቹን ኩባንያዎች አንድ በአንድ እየተከታተለች የመጨረሻውን በ1967 አሸነፈች። ሕግ ኤፍ ኤም የባሏ መሆኑን አጸናላት።

ኪሳችሁ ውስጥ

በሀገራችን ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ሲጀምር አርምስትሮንግ ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነበር። 97.1 ማለት በሴኮንድ 97 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ጊዜ የሚወዛወዝ ኦሲሌተር ማለት ነው። ዳታ ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ኢርፎን ሰክተን ኤፍ ኤም ስንከፍት የምንሰማው የዚያን ሰው ሥራ ነው። ኢርፎኑን ካልሰካችሁ የብዙ ስልክ ሬዲዮ እምቢ የሚለውም የኢርፎኑ ሽቦ አንቴና ስለሆነ ነው።

በዚህ ብቻም አያበቃም። ገበያ ላይ ርካሽ የእጅ ሰዓት ግዙና ክፈቱት። ውስጡ ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ አለች። ስትጫን ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ትለጠጣለች። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትወዛወዛለች። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍሉት በትክክል አንድ ይሆናል። አንዷ ሴኮንድ ያቺ ናት። ስልካችሁ ውስጥም እንደዚህ ያሉ ብዙ ኦሲሌተሮች አሉ። ማብሪያውን በተጫናችሁ ቁጥር ከኤሌክትሮኖች ትርምስ ይነሳሉ፣ ያድጋሉ፣ ከዚያ ልካቸው ላይ ይረጋሉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛው፣ ያገኛችሁትን ነገር ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት፣ ምስክር አስፈርሙበት። አርምስትሮንግ እንኳን ፈርሞ ይህን ሁሉ ከተንገላታ፣ ሳይጽፉ መቅረት ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ሁለተኛው፣ ዴ ፎረስትም አርምስትሮንግም አንድ ዓይነት ጩኸት ሰምተዋል። አንዱ እንዲጠፋለት ፈለገ፣ ሌላው ለምን እንደሚጮህ ጠየቀ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጥር ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሰርግ ላይ ማይኩ ሲጮህ ጆሯችሁን ከያዛችሁ በኋላ አጠገባችሁ ላለው ሰው ይህን ታሪክ ንገሩት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፣ ጽሑፉን ለወዳጆቻችሁም አጋሩት። መልካም ቀን!